ባዶው ሱዶኩ፦ አንድም ቁጥር ሳይሰጥ እንዴት ይፈታል?

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የእህቴ ልጅ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ስታጠና ውላ ወጣች። አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ተገናኝተን ማኪያቶ ልንጠጣ አንድ ካፌ ገባን። ገና ወንበር ስንስብ ስልኳን አቀበለችኝ።

ሱዶኩ ነው። ዘጠኝ በዘጠኝ። ግን ባዶ ነው። አንድም ቁጥር የለውም። ግራጫ መስመሮች ብቻ እዚህም እዚያም ተጠማዝዘው ይታያሉ። አንዳንዶቹ ጫፋቸው ላይ ክብ አላቸው።

«ኔትወርኩ ነው መሰለኝ፤ ቁጥሮቹ አልመጡም» አልኳት።

«መጥቷል ጋሼ። ያለው ይሄው ነው። ቁጥሮቹን የሚናገሩት መስመሮቹ ናቸው።»

ሱዶኩ ለዓመታት ሞልቻለሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ባንክ ተራ ስጠብቅ፣ መብራት ሲጠፋ። እንዲህ ያለ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጠን አስረዳችኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ማለት ይቻላል አንድ እሞክራለሁ። ያስገረመኝ ነገር ይህ ነው፦ ቁጥር ሳይሰጣችሁ፣ ምንም ሳትገምቱ፣ አንደኛ ደረጃ በተማርነው መደመርና መቀነስ ብቻ እስከ መጨረሻው ቤት መድረስ ይቻላል። «እኔ ሒሳብ አይሆንልኝም» የሚል ሰው እንዳይሸሽ አደራ እላለሁ። ከ45 በላይ የሆነ ቁጥር ብዙም አያጋጥማችሁም።

መጀመሪያ፣ ተራው ሱዶኩ

ጨዋታውን የምታውቁ ይህቺን ክፍል እለፏት።

ሱዶኩ 81 ትንንሽ ቦታዎች አሉት። እንደ ገበጣው «ቤት» እላቸዋለሁ። ወደ ጎን የተደረደሩት ዘጠኝ ቤቶች መደዳ ናቸው። ወደ ታች የተደረደሩት ዓምድ። ከዚህ ሌላ በወፍራም መስመር የተከበቡ፣ ሦስት በሦስት የሆኑ ዘጠኝ ሳጥኖች አሉ። በእያንዳንዱ መደዳ፣ በእያንዳንዱ ዓምድና በእያንዳንዱ ሳጥን ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች አንድ አንድ ጊዜ ይገባሉ። መደጋገም የለም። ዜሮ የለም።

ስሙ ጃፓንኛ ስለሆነ ጨዋታው እዚያ የተወለደ ይመስላል። የመጀመሪያው ግን አሜሪካ ውስጥ ነው የታተመው፤ እ.ኤ.አ. በ1979፣ በዴል የእንቆቅልሽ መጽሔት ላይ። የሠራው ሃዋርድ ጋርንስ የሚባል ጡረታ የወጣ አርክቴክት እንደሆነ ይታመናል። በ1984 ኒኮሊ የተባለ የጃፓን አሳታሚ ወሰደው። ስሙን ያወጣለት ማኪ ካጂ ነው። ሙሉ ስሙ «ቁጥሮቹ ነጠላ መሆን አለባቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። ቃሉ ላላገባ ሰውም ስለሚያገለግል፣ በእኛ «ቁጥሮቹ ላጤ ይሁኑ» እንደ ማለት ነው። ሲያጥር ሱዶኩ ሆነ። ዓለምን ያዳረሰው ደግሞ በ2004 ነው። ሆንግ ኮንግ ዳኛ የነበረ ዌይን ጉልድ የሚባል ኒውዚላንዳዊ፣ ሱዶኩ የሚያዘጋጅ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፈና ጨዋታውን ለለንደኑ ዘ ታይምስ ጋዜጣ አቀረበ።

ተራው ሱዶኩ መነሻ ቁጥር የግድ ያስፈልገዋል። ቢያንስ ስንት? ይህ ጥያቄ ብዙ ዓመት አከራክሯል። በ2012 ጋሪ ማክጓየር የሚመራው የደብሊን ቡድን በኮምፒውተር አስፈትሾ መልሱን አገኘ፦ 17። ከዚያ ያነሰ ቁጥር ተሰጥቶት አንድ መልስ ብቻ ያለው ተራ ሱዶኩ የለም። 16 ብቻ ከተሰጣችሁ፣ መልሱ ወይ የለም፣ ወይ ከአንድ በላይ ነው።

ታዲያ ልጅቷ ያሳየችኝ በዜሮ እንዴት ይሆናል? 17ቱ ቁጥሮች ይሠሩት የነበረውን ሥራ መስመሮቹ ተረክበውታል። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ረዳቱ የሚያውቀው ድምሩን ነው

ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ አራት ሰው ተቀምጧል። ረዳቱ «ኋላ፣ ሂሳብ!» ይላል። አንዱ ከሌሎቹ ሰብስቦ ያቀብላል። ረዳቱ ማን አምስት፣ ማን አስር እንደሰጠ አላየም። የሚያውቀው እጁ ላይ የደረሰውን ድምር ነው። ግን ድምሩ ብቻ ብዙ ይነግረዋል። ከጎደለ አንድ ያልከፈለ ሰው አለ። ሦስቱ ምን እንደከፈሉ ካወቀ የአራተኛውን ሳይጠይቅ ያውቃል።

ሱዶኩ ላይ ያለ መስመር እንዲሁ ነው። በየቤቱ ያለውን ቁጥር አይነግራችሁም። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ያላቸውን ዝምድና ይነግራችኋል። ድምራቸው ስንት ነው፣ ልዩነታቸው ስንት ነው፣ ከየትኛው ጋር እኩል ነው።

ሌላው መሣሪያ 45 ነው። ከ1 እስከ 9 ደምሩ። ከዳርና ከዳር ብታጣምሩ ይቀላል፦ 1 ከ9፣ 2 ከ8፣ 3 ከ7፣ 4 ከ6። አራት ጊዜ አስር፣ መሐል ላይ 5 ይተርፋል። 45። እያንዳንዱ መደዳ ሁልጊዜ 45 ነው። እያንዳንዱ ዓምድም፣ እያንዳንዱ ሳጥንም። ተራ ሱዶኩ የሚሞላ ሰው ይህን ሳያውቅ ዕድሜውን መጨረስ ይችላል። ምክንያቱም ቁጥሮቹ እዚያ ምልክት ብቻ ናቸው። በፊደል፣ በቀለም ብትተኳቸው ጨዋታው አይለወጥም። መስመር ሲመጣ ግን 3 እውነተኛ ሦስት፣ 7 እውነተኛ ሰባት ይሆናል። ይደመራል፣ ይቀነሳል፣ ይበልጣል፣ ያንሳል።

የመጀመሪያውን ጉልበት እዚሁ እዩት። «የአስር መስመር» የሚባል አለ። መስመሩ በተከታታይ ቁርጥራጮች ይከፈላል፣ የእያንዳንዱ ቁርጥራጭ ድምር 10 ነው። እንዲህ ያሉ መስመሮች አንድ መደዳ ላይ ተኝተው ስምንቱን ቤቶች ሸፈኑ እንበል። አንድ ቤት ብቻ ከመስመር ውጪ ቀረ። እዚያ ቤት ውስጥ ስንት አለ?

ስምንቱ ቤቶች በአስር በአስር የተከፈሉ ስለሆኑ ድምራቸው 10፣ 20፣ 30፣ 40 ከሚሉት አንዱ ነው። የመደዳው ጠቅላላ ደግሞ 45 ነው። የቀረው ቤት ከ9 አይበልጥም። ስለዚህ ስምንቱ 40 ናቸው፣ የቀረው 5 ነው። ሌላ ምርጫ የለም። ከባዶ ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ወጣ። ማንም አልሰጠንም።

ደረሰኝ ጀርባ ላይ የተሣለችው ሱዶኩ

ልጅቷ የማኪያቶውን ደረሰኝ ገለበጠችና ጀርባው ላይ አንድ ትንሽ ሱዶኩ ሣለችልኝ። እናንተም ወረቀትና እርሳስ አምጡ። በዓይን ብቻ ማንበብ አይበቃም፤ እጅ ሲነካው ነው የሚገባው።

ይህቺ አራት በአራት ናት። ቁጥሮቹ ከ1 እስከ 4 ናቸው። በየመደዳው፣ በየዓምዱና ሁለት በሁለት በሆኑት አራት የማዕዘን ሳጥኖች ውስጥ አራቱም ቁጥሮች አንድ አንድ ጊዜ ይገባሉ። መደዳዎቹን ከላይ ወደ ታች ሀ፣ ሐ፣ መ፣ ረ በሏቸው። («ለ»ን የዘለልኩት «ለ4» ሲባል እንዳያምታታ ነው።) ዓምዶቹን ከግራ ወደ ቀኝ 1፣ 2፣ 3፣ 4። እንግዲህ ሀ1 ላይኛው የግራ ጥግ ነው፣ ረ4 ታችኛው የቀኝ ጥግ።

የመስመሩ ዓይነት ቀስት ይባላል። በጣም የተለመደው ይህ ነው። ቀስቱ ከክብ ይነሣል። በቀስቱ ግንድ ላይ ያሉት ቁጥሮች ተደምረው ክቡ ውስጥ ካለው ቁጥር ጋር እኩል ይሆናሉ። አራት ቀስቶች አሉ፦

የመጀመሪያው ክብ ሀ1 ላይ ነው። ቀስቱ ወደ ቀኝ ሄዶ በሀ2 እና በሀ3 ያልፋል።
የሁለተኛው ክብ ሐ4 ላይ ነው። ቀስቱ ወደ ግራ፣ በሐ3 እና በሐ2።
የሦስተኛው ክብ መ1 ላይ ነው። ቀስቱ በሰያፍ ሽቅብ ይወጣል፣ በሐ2 እና በሀ3።
የአራተኛው ክብ ረ3 ላይ ነው። ቀስቱ ወደ ረ4 ሄዶ ሽቅብ ይታጠፍና መ4 ላይ ያበቃል።

በቃ። ቁጥር የለም። እንጀምር።

ሀ2 እና ሀ3 አንድ መደዳ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ይለያያሉ። ድምራቸው ከ4 መብለጥ አይችልም። ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ተደምረው ከ4 ሳይበልጡ የሚሆኑት 1 እና 2፣ ወይም 1 እና 3 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሀ1 ወይ 3 ወይ 4 ነው። 3 ከሆነ መደዳው ላይ የሚተርፈው 4 ነውና ሀ4 ላይ 4 ይገባል። 4 ከሆነ ሀ4 ላይ 2 ይገባል።

የሐ መደዳም ያው ነው፤ የዞረ ብቻ ነው። ሐ4 ላይ 3 ካለ ሐ1 ላይ 4 አለ። ሐ4 ላይ 4 ካለ ሐ1 ላይ 2 አለ።

አሁን ሁለቱን መደዳዎች አገናኙ። ሀ1 ላይ 3 ቢሆን፣ ሀ4 ላይ 4 ስላለ ከሥሩ ሐ4 ላይ 4 ሊደገም አይችልም። ስለዚህ ሐ4 3፣ ሐ1 4 ይሆናል። ሀ1 ላይ 4 ቢሆን ደግሞ ከሥሩ ሐ1 ላይ 4 አይሆንም። ስለዚህ ሐ1 2፣ ሐ4 4 ይሆናል። ሁለት መንገድ ብቻ ቀረን፦

መንገድ አንድ፦ ሀ መደዳ በ3 ይጀምራል፣ በ4 ያልቃል። ሐ መደዳ በ4 ይጀምራል፣ በ3 ያልቃል። በሁለቱም መሐል ላይ 1 እና 2 አሉ።
መንገድ ሁለት፦ ሀ መደዳ በ4 ይጀምራል፣ በ2 ያልቃል። ሐ መደዳ በ2 ይጀምራል፣ በ4 ያልቃል። በሁለቱም መሐል ላይ 1 እና 3 አሉ።

እዚህ ጋ እኔ አንዱን ልገምት እርሳሱን አነሣሁ። ልጅቷ እጄን ያዘችኝ። «አይ ጋሼ፣ ሰያፉን ቀስት አላየኸውም።»

ሰያፉን እዩት። በየትኛውም መንገድ ብንሄድ ሀ2፣ ሀ3፣ ሐ2 እና ሐ3 ላይ የሚገቡት ሁለት ዓይነት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ሀ3 ከሀ2 ይለያል፤ አንድ መደዳ ናቸው። ሐ2ም ከሀ2 ይለያል፤ አንድ ሳጥን ናቸው። ሁለት ቁጥር ብቻ ካለ፣ ከአንድ ሰው የተለዩ ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው አንድ ናቸው። ስለዚህ ሐ2 እና ሀ3 ላይ ያለው ቁጥር አንድ ዓይነት ነው! ሰያፉ ቀስት የዚያን ቁጥር እጥፍ ነው የሚሰጠው።

መንገድ ሁለትን ሞክሩ። የ3 እጥፍ 6 ነው፤ 6 እዚህ የለም። የ1 እጥፍ 2 ነው፤ ግን ሐ1 ላይ 2 አለ፣ መ1 ደግሞ ከሥሩ ነው። መንገዱ ተዘጋ። መንገድ አንድ ላይ የ2 እጥፍ 4 ነው፤ ሐ1 ላይ 4 አለ፣ አይሆንም። የቀረው የ1 እጥፍ ነው፣ 2። ስለዚህ መ1 ላይ 2። ሐ2 ላይ 1፣ ሀ3 ላይም 1። ሀ2 ላይ 2፣ ሐ3 ላይ 2።

የቀረው ቁልቁለት ነው። የመጀመሪያው ዓምድ 3፣ 4፣ 2 ስላለው ረ1 ላይ 1 ይገባል። በአራተኛው ዓምድ የቀሩት 1 እና 2 ናቸው። የመ መደዳ 2 ስላለው መ4 ላይ 1፣ ረ4 ላይ 2። አራተኛው ቀስት 2 ሲደመር 1 ነው፤ ረ3 ላይ 3። ረ2 ላይ 4። መ2 ላይ 3፣ መ3 ላይ 4።

ሀ፦ 3 2 1 4
ሐ፦ 4 1 2 3
መ፦ 2 3 4 1
ረ፦ 1 4 3 2

አራት በአራት የሆነ ሱዶኩ በትክክል ሊሞላ የሚችልባቸው መንገዶች 288 ናቸው። አራት ቀስቶች 287ቱን ጣሉና አንዱን አስቀሩ። አንድ ቦታ ላይ እንኳ «ምናልባት» አላልንም። ልጅቷ እጄን የያዘችው ለዚህ ነው። ገምቼ ቢሆን ኖሮ መልሱ ላይ ልደርስ እችል ነበር፤ ሐ2 እና ሀ3 አንድ መሆናቸውን ግን አላይም ነበር። እኔ ደግሞ ከመላው ጨዋታ የወደድኩት ያቺን ነገር ነው።

ወደ ትልቁ ስንመለስ

ዘጠኝ በዘጠኙ ላይም ቀስት ያው ቀስት ነው። ሦስት ቤት ያለው ግንድ አንድ ሳጥን ውስጥ ቢሆን፣ ቁጥሮቹ አይደጋገሙም። ትንሹ ድምር 1፣ 2፣ 3 ሲሆኑ ነው፣ 6። ስለዚህ ክቡ ከ6 አያንስም። ያሉትን ሁሉ ብትቆጥሩ ሰባት ብቻ ናቸው። ለ6፦ 1፣2፣3። ለ7፦ 1፣2፣4። ለ8፦ 1፣2፣5 ወይም 1፣3፣4። ለ9፦ 1፣2፣6 ወይም 1፣3፣5 ወይም 2፣3፣4።

ከሰባቱ ስድስቱ ላይ 1 አለ። ስለዚህ 1 በሌላ ምክንያት ከዚያ ግንድ ላይ ከወጣ፣ ለምሳሌ በዚያው ሳጥን ሌላ ቤት ከተገኘ፣ ወዲያው ክቡ 9 ነው፣ ግንዱም 2፣ 3፣ 4 ነው። አንድ ቁጥር ከቦታው በመነሣቱ አራት ቤት ተወሰነ። ቀስት የለመዱ ሰዎች መጀመሪያ 1ን የሚያሳድዱት ለዚህ ነው።

ከሁሉም የወደድኩት ግን ዚፕ ነው። ዚፐር ላይን ይሉታል። መስመሩ መሐል ላይ አንድ ቤት አለ። ከመሐሉ እኩል የራቁ ሁለት ቤቶች ሲደመሩ መሐሉ ላይ ካለው ቁጥር ጋር እኩል ናቸው። የመጀመሪያው ከመጨረሻው፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው በፊት ካለው፣ እንዲያ እያለ እንደ ጃኬት ዚፕ ጥርስ በጥርስ ይገጥማል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ መስመር አንድ መደዳን ከዳር እስከ ዳር ያዘ እንበል። ዘጠኝ ቤት። መሐሉ አምስተኛው ቤት ነው። ሌላ ምንም አልተሰጠም። መሐል ላይ ስንት አለ? ወደ ታች ከመውረዳችሁ በፊት ትንሽ ቆዩበት።

አራት ጥንዶች አሉ። እያንዳንዱ ጥንድ ከመሐሉ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ አራቱ ጥንዶች የመሐሉ አራት እጥፍ ናቸው። መሐሉ ራሱ ሲጨመር አምስት እጥፍ። ጠቅላላው መደዳ ደግሞ 45 ነው። አምስት ጊዜ ስንት 45 ይሆናል? ዘጠኝ። መሐሉ 9 ነው። ጥንዶቹም ታወቁ፦ 1 ከ8፣ 2 ከ7፣ 3 ከ6፣ 4 ከ5። ይህን ሲያሳዩኝ ለደቂቃ ዝም አልኩ። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ቁጥሩ ግን ከመጀመሪያውም እዚያው ተቀምጦ ነበር።

መቀነስ ያለበትም አለ። አረንጓዴ መስመር ሆኖ ይሣላል፣ ስሙ ጀርመን ዊስፐርስ ነው፤ የጀርመን ሹክሹክታ እንደ ማለት። መስመሩ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁጥሮች ልዩነታቸው 5 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። 5 መስመሩ ላይ ፈጽሞ አይገባም። አስቡት፦ ከ5 በ5 የሚርቀው 0 ወይም 10 ነው፤ ሁለቱም የሉም። ከ4 በታች የሆነ ጎረቤት ለ4 አይሆነውም፤ ያለው አማራጭ 9 ብቻ ነው። 6ም ከ1 ሌላ ጎረቤት የለውም። ስለዚህ መስመሩ ቀጥ ብሎ መደዳ ላይ የተኛ ከሆነ 4 እና 6 ከጫፍ በስተቀር ቦታ የላቸውም፤ መሐል ቢገቡ 4 በግራም በቀኝም 9 ይፈልጋል፣ አንድ መደዳ ላይ ሁለት 9 ደግሞ የለም። ሌላው ደግሞ ትንሽ ትልቅ፣ ትንሽ ትልቅ እያለ ይሄዳል። አንዱን ቤት ብቻ ካወቃችሁ የመስመሩን ሙሉ ጸባይ አወቃችሁ።

በሳጥኖች መካከል የሚያልፈው ሰማያዊ መስመር የሚከብድ ይመስላል፤ ግን ሕጉ አጭር ነው። የሳጥን ድንበር መስመሩን ይቆርጠዋል። በየሳጥኑ ውስጥ የቀረው ቁራጭ ድምሩ እኩል ነው። ድምሩ ስንት እንደሆነ አይነገራችሁም። አንድ ሳጥን ውስጥ አምስት ቤት፣ ቀጣዩ ሳጥን ውስጥ ሁለት ቤት ብቻ የሚነካ ቢሆን ግን ራሱ ይናገራል። አምስት የተለያዩ ቁጥሮች ከ15 አያንሱም። ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ከ17 አይበልጡም፣ 9 እና 8 ናቸውና። ድምሩ እንግዲህ 15፣ 16 ወይም 17 ነው። ሁለቱ ቤቶች ላይ ከ6 በታች የሆነ ቁጥር የለም። አምስቱ ቤቶች ላይ ደግሞ 1፣ 2 እና 3 የግድ አሉ። በብዙ ቤትና በጥቂት ቤት መካከል ያለ እኩልነት ሁልጊዜ እንዲህ ያጣብቃል። ባዶ ሱዶኩ ሲሰጣችሁ መጀመሪያ መፈለግ ያለባችሁም ይህንኑ የተጣበበ ቦታ ነው፦ ረጅም ቀስት ትንሽ ቦታ ላይ የታጨቀበት፣ ወይም አንድ መደዳ ላይ ብዙ መስመር የተደራረበበት።

ሌሎችም አሉ፣ ስማቸው ብዙ ነው። አዘጋጆቹ በየጊዜው አዲስ ሕግ ይፈጥራሉ። ይህ ዓይነቱ ሱዶኩ በሰፊው ሰው ጆሮ የገባው እ.ኤ.አ. በ2020፣ ኮሮና ሰውን ቤት ባስቀመጠበት ጊዜ ነው። ክራኪንግ ዘ ክሪፕቲክ በሚባል የዩቲዩብ ቻናል ላይ ሳይመን አንቶኒ የሚባል ብሪታኒያዊ ሁለት ቁጥር ብቻ፣ 1 እና 2፣ የተሰጠበትን ሱዶኩ ካሜራ ፊት ፈታ። ሚቸል ሊ የሠራው ነው። መስመር አልነበረበትም፤ ከቼዝ የተዋሰ ሕግ ነበረው። ሚሊዮኖች አዩት።

እኔ የተሳሳትኩባቸው

መጀመሪያ ላይ መስመር ላይ ቁጥር አይደገምም ብዬ ራሴን ብዙ አደከምኩ። ይደገማል። መስመሩ ራሱ ካልከለከለ፣ ሁለቱ ቤቶች አንድ መደዳ፣ አንድ ዓምድ ወይም አንድ ሳጥን ላይ ካልተገናኙ፣ ያው ቁጥር ሁለት ጊዜ ሊገባ ይችላል። ደረሰኟ ላይ ያየነው 1 እና 1 እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ስህተቴ ቁጥር ፍለጋ መቸኮል ነው። መስመር ባለበት ሱዶኩ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምታገኙት ቁጥር አይደለም። «ይህ ቤት ትልቅ ነው»፣ «እነዚህ ሁለት ቤቶች እኩል ናቸው»፣ «ይህ ጎዶሎ ነው» የሚል ነገር ነው። እሱንም ጻፉት። የእህቴ ልጅ ቤቱን በቀለም ትቀባዋለች፤ ትንንሾቹን ቢጫ፣ ትልልቆቹን ሰማያዊ። እኔ በእርሳስ ነጥብ አደርጋለሁ። ሲጠራቀም ቁጥሩ ራሱ ይመጣል።

ትምህርት ቤት ሳለን ሒሳብ ማለት መልሱን ማግኘት ነበር። መልሱ ትክክል ከሆነ ራይት፣ ካልሆነ ኤክስ። «ለምን ሌላ ሊሆን አይችልም?» ብሎ የጠየቀኝ መምህር አላስታውስም። ይህ ጨዋታ ከዚያ ጥያቄ ሌላ የለውም። ልጅቷ ከሱ ጋር አብራ ስታድግ ሳይ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ካፌ ተቀምጠን አዲስ ደረሰኝ ገልብጣ ሰጠችኝ። ይሄን ራሷ ነው የሠራችው። አንድ መደዳ ብቻ፣ ዘጠኝ ቤት። ሁለት ክቦች፤ ከእያንዳንዱ ክብ ሦስት ቤት ያለው ቀስት ይወጣል። አንድ ቤት ትርፍ።

እርሳሱን ይዤ አየሁት። ሁለቱ ቀስቶች ስድስት ቤት ይይዛሉ። ስድስት የተለያዩ ቁጥሮች ቢያንስ፣ ከ1 እስከ 6 ሲደመር፣ 21 ናቸው። ሁለቱ ክቦች ቢበዛ 9 እና 8 ናቸው፣ 17።

«ይሄ አይሞላም» አልኳት።

«ለምን?»

ነገርኳት። ወረቀቱን ተቀበለችኝና ከአንደኛው ቀስት ጫፍ ላይ አንዱን ቤት ሰረዘች።

«አሁንስ?»

አሁን አምስት ቤት ሆኑ። ቢያንስ 15፣ ቢበዛ 17። 1፣ 2 እና 3 ቀስቶቹ ላይ እንዳሉ ወዲያው ታየኝ። ሒሳብ ከፍለን ወጣን። የቀረውን የሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ቀጠልኩት።